ሳይላኩ መናገር

ጭቃው ጫማዬን ይዞብኝ ነው ብዬ ከሰዎቹ ኋላ ቀርቻለሁ። ውሸቴን ነው። ጫማዬ ደህና ነው፤ እምቢ ያለኝ እግሬ ነው።

ገና መንጋቱ ነው። የእድራችን ሰዎች ከእትዬ ተሾመች አጥር ውጭ፣ እንሰቱ አጠገብ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። የእትዬ ተሾመች ልጅ ደጉ በዘጠና አንድ ከቦንጋ ወደ ጦርነቱ እንደሄደ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ከትናንት በስቲያ ስሙ ከሟቾች ዝርዝር ጋር ቀበሌ ደረሰ። እናቱ ገና አልሰሙም።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረወልድ ዞር ብለው ፈለጉኝ።

"ፍቃዱ፣ ና ወደዚህ። የምትነግራት አንተ ነህ።"

"መርዶ የሚናገረው አንጋፋ ነው፣ ጋሼ።"

"እኛን አታምንም። 'ነቢዩ ይመጣል ብሎኛል' ብላ ታባርረናለች።"

እውነታቸውን ነው። አምና በጸሎት ቤታችን፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት፣ እጄን እትዬ ተሾመች ጭንቅላት ላይ ጭኜ "ልጅሽ በሕይወት አለ፤ ደጅሽን ያንኳኳል ይላል እግዚአብሔር" ብዬ ጮኼባቸዋለሁ። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ስሰፋ የሚያየኝ ሁሉ ነቢይ ይለኛል፤ ከሺሺንዳና ከደካ ከተሞች ሳይቀር እየመጡ ትንቢት እንድናገር ወስደውኛል። እትዬ ተሾመች ደግሞ ቃሌን ይዘው ለልጃቸው ከቤታቸው ጎን አንድ ክፍል አስቀጠሉ። ግድግዳውን በገዛ እጃቸው ነው የመረጉት።

ያን ቀን ምንም አልሰማሁም ነበር። ሲያለቅሱ አንጀቴን በሉት፤ ሰዉም አፌን አፌን ያየኝ ነበር። ይኸው ነው።

"እንግዲህ ነቢይ ተብዬ በምን አፌ ልንገራቸው?" አልኩ።

መሪጌታ ግዛቸው በመቋሚያቸው ተደግፈው ያዳምጡን ነበር። እሳቸው ኦርቶዶክስ እኔ ጴንጤ ብንሆንም እድራችን አንድ ነው።

"ነቢይ ማለት ምን ይመስልሃል፣ ልጄ?"

"የሚመጣውን የሚያይ።"

"እሱስ ኋላ የተጨመረበት ነው። ቃሉ የዕብራውያን ነው። መምህሬ ሲያስተምሩን የተጠራ ማለት ነው፣ በላኪው ፈንታ የሚናገር አፍ ማለት ነው ይሉ ነበር። አፍ ደግሞ ከራሱ አይጨምርም።" ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። "አምና ማንም ሳይልክህ ተናገርክ። ዛሬ እኛ ልከንሃል።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ በሰዎቹ መሀል አልፌ ገባሁ።

እትዬ ተሾመች ኮቴያችንን ሰምተው በሩን ከፈቱ። ሽማግሌዎቹን በዚያ ሰዓት ሲያዩ ክው አሉ። እኔን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ።

"መጣ እንዴ፣ ፍቃዱ?"

አንድ እርምጃ ቀረብኳቸው።

"ደጉ ሞቷል፣ እትዬ። ጦር ሜዳ ላይ ነው የሞተው።"

"አንተ አይደለህ እንዴ በሕይወት አለ ያልከኝ?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ይሄን ማን ነገረህ?"

"ስሙ ቀበሌ መጥቷል፤ ንገር ብለው የላኩኝ እነዚህ ናቸው። የዚያን ጊዜው ግን ማንም አልነገረኝም። ከራሴ ነው የተናገርኩት።"

ከኋላዬ አንዷ ሴት ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ተሾመች አላለቀሱም። እንዲሰድቡኝ፣ እንዲመቱኝም ጠበቅሁ፤ ደስም ባለኝ። እሳቸው ግን ዓይኔን ብቻ ነበር የሚያዩት።

"ያኔ ስትጮህ ግማሹን ነው ያመንኩህ" አሉ በመጨረሻ። "ሌላውን ግማሽ ለማመን ብዬ ነው ክፍሉን የሠራሁት።"

ጎን ወዳለው ክፍል ዞር ብለው አይተው ወደ እኔ ተመለሱ።

"አሁን ግን አመንኩህ።"

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው ለበሱት።