ተከዜን አሻግሬ እመለሳለሁ

«እዚህ ጋ አቁምልኝ» ይላሉ አባባ ካሳ፣ የሹፌሩን ትከሻ በዘንጋቸው ነካ አድርገው።

ሰርክአዲስ እጄን ጭምቅ ታደርገዋለች። ሚስቴ ናት፤ እሳቸው አባቷ። ደረሰ፣ ሊወርዱ ነው ማለቷ ነው።

ሹፌሩ ምሳው ሚኒባሷን ዳር ያስይዛል። ዓለም ሳጋ ጫካ መሃል ነን። ግራና ቀኙ ጥድ ነው፤ ጫፉን ልይ ያለ ሰው ኮፍያው ይወድቅበታል። አባባ ወርደው አንዱን ግንድ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ለማየት ብቻ ነው የወረዱት። ሰርክአዲስ ትተነፍሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመታት ሰቆጣ ካስተማርኩ በኋላ ዝውውሬ ወደ ባሕር ዳር ወጣ። አባባ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እዚያው ሰቆጣ አጠገብ ፃግብጂ ብቻቸውን ናቸው፤ «አብረውን ይኑሩ» ብለን እግራቸው ላይ ወደቅን። «አማቼ ቤት ገብቼ ልጦር? ሞቼ ነው?» ብለው አፋችንን አስያዙን። ትናንት ስንነሳ ግን ነጭ በነጭ ለብሰው መኪናው በር ላይ ቆመዋል። «መንገደኛን ወንዝ ሳያሻግሩ አይተዉትም። ተከዜን አሻግሬ እመለሳለሁ።»

ተከዜን ተሻገርን። «በበጋ ይኼ ምኑ ወንዝ ነው? ጉልበት አይደርስም! ቀጥሉ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ያለፍነውን ወንዝ ሁሉ አንዱን ጭቃ፣ አንዱን ቦይ እያሉ ናቁት። እኔም በግኛለሁ። መኪናው ሞልቷል፣ ልጃችን ቤዛ እናቷ ጭን ላይ ተጣጥፋ ነው የመጣችው። አማትን ደግሞ «መቼ ነው የሚወርዱት?» አይባል ነገር! ቁርጡን ቢነግሩን ሰርክአዲስም በየድልድዩ አታለቅስም ነበር።

«እስኪ ገመዱን ላጥብቅ» ብዬ ጣሪያው ላይ እወጣለሁ። ፍራሻችንን ገፋ ሳደርገው ከሥሩ አንድ ጥቅል አለ። የአባባ ጀንዲ ነው፤ የሚተኙበት የበሬ ቆዳ፣ ዳር ዳሩ በዕድሜ የሳሳ። መቼ እንደጫኑት እንጃ። ለሽኝት የወጣ ሰው መኝታውን ይዞ ይወጣል እንዴ?

 ቁልቁል ሳይ አባባ ከዛፉ ሥር ሆነው ሽቅብ ያዩኛል። ማየቴን አይተዋል። ፍራሹን መልሼ አለብሰዋለሁ፤ ገመዱን አጠብቃለሁ።

«ምን ነበር?» ትላለች ሰርክአዲስ ስገባ።

«ገመዱ ላልቶ ነው።» ሆድ ይፍጀው።

ጉማራንም እንሻገራለን። «ይችማ ውኃም አይደለች» ይላሉ አባባ፤ ድምፃቸው ግን የትናንቱ አይደለም። ወንዝ እያለቀባቸው ነው። ወይ ኩራት! አንድ ድልድይ ላይ «በሉ በደህና ግቡ» ብለው ይወርዱና፣ ያንን ሁሉ መንገድ ወደ ባዶ ቤት ብቻቸውን ይመለሳሉ። አሁን እኔም ከሚስቴ እኩል ፈራሁ።

ባሕር ዳር ልንገባ ስንል ጣና ብቅ ይላል።

«አቁም!» ይላሉ።

ሁላችንም እንወርዳለን። አባባ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ይነክራሉ፤ ጥልቀቱን በዘንጋቸው ወጋ ወጋ ያደርጋሉ። ወዲያ ወዲያ ቢያዩ ውኃ ነው።

«ማዶው የት ነው?»

ምሳው ያገሩ ልጅ ነው፣ አፉ ይቀድማል። «ማዶማ አለው አባባ፣ በጀልባ ሲሄዱ…»

እግሩን እረግጠዋለሁ። «ኧረ እግሬን!»

«ማዶ የለውም፣ አባባ» እላለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ያውም የጂኦግራፊ።

«በበጋ እንዲህ ሞልቶ?»

«ሞልቷል።»

ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «እንግዲያ የሞላ ውኃ ዳር ሰው ጥሎ መመለስ ነውር ነው። እስኪጎድል አብሬያችሁ እጠብቃለሁ።»

ሰርክአዲስ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት አቃተኝ። «አባየ፣ ባይጎድልስ?»

«ባይጎድል እኔ ምን ላድርግ?» ይቆጣሉ። «የእግዜር ሥራ ነው!»

ጣሪያው ላይ ወጥቼ ጀንዲውን አወርዳለሁ። ሰርክአዲስ ስታየው እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ውኃው ዳር ሣሩ ላይ እዘረጋዋለሁ። አባባ ከየት መጣ ብለው አይጠይቁኝም። ይቀመጡበታል፤ ዘንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ጣና እስኪጎድል ይጠብቃሉ።