የትርንጎ ጉትቻ

ልጄ ትርንጎ ለመጨረሻ ጊዜ ከወደቀች ዘጠኝ ወር ሆናት። ሐኪሞች ለሙከራ ጆሮዋ ላይ ያደረጉላት ጉትቻ፣ የሚጥላት በሽታ ገና ሊነሳ ሲል ያውቅና ያስቆመዋል። ዛሬ ነርሷ ፌቨን መጥታ፣ «እትዬ የሺመቤት፣ የሙከራው ጊዜ አልቋል። ይውለቅ ወይስ ለዘለቄታው ይቆይ?» አለችኝ።

ፊደል ባልቆጥርም፣ ይቺን ልጅ ሠላሳ ዓመት ያቆየኋት በክብሪት ነው። በወደቀች ቁጥር ጭሬ፣ እፍ ብዬ አጥፍቼ፣ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር እይዝላታለሁ። ለፌቨንም ይህንኑ ነገርኳት።

«ክብሪት እኮ ምንም አያደርግም» አለች ፌቨን እየሳቀች።

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ጭሱ በሸተታት ቁጥር ትነቃ ነበር!»

«ባይሸታትም ትነቃ ነበር፣ እትዬ።»

ምን ዓይነት ደፋር ናት!

አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም። ትርንጎ ኦቲዝም አለባት፤ ሰው ሲነካት አትወድም፣ እኔንም ጭምር። ወድቃ ስትነቃ ብቻ፣ ደክሟት ጭኔ ላይ ትተኛለች፤ ያኔ ፀጉሯን እዳብሳለሁ። ይኸው ዘጠኝ ወር ጭኔ ባዶ ነው። ታዲያ ለጭኔ ብዬ ልጄ ትውደቅ?

«ይቆይላት» አልኩ። ይሄን ስል እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ትርንጎ የድስት ክዳን በልክ በልኩ ከምትደረድርበት ተነስታ መጣች። እጄን አየችው። ከመቀነቴ ክብሪቱን መዝዛ ጫረች፤ እፍ ብላ አጠፋችና ጭሱን አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ።

«ነቃሽ?» አለችኝ።

«ነቃሁ፣ እናቴ» አልኳትና ወደ ነርሷ ዞርኩ። «አየሽ ፌቨን? ይሠራል!»