አስከሬን የሌለበት ሙሾ

መምህሩ የመጨረሻውን ሴሚናር ሊያቀርብ ሲገባ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ፎክሎር ሲያስተምር ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ጡረታ ሊወጣ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ባልደረቦቹ ስብሰባ አለብን ብለው ቀርተዋል፤ ተማሪዎቹም ፈተና ላይ ናቸው። ሩብ ሰዓት ጠበቀ። የመጣ ሰው የለም።

«ልጀምር መሰለኝ» አላት።

«ይጀምሩ፣ መምህር» አለችው፣ ከኋላ ወንበር ሳትነሣ።

ለእሷ ብቻ አርባ ደቂቃ አነበበ። ጥናቱ አስከሬን ሳይገኝ ስለሚወርድ ሙሾ ነበር። ተማሪ ሳለ፣ በ1979 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ የቀዳውን የአንዲት እናት ድምፅም አሰማት። እናትየዋ የስድስት ዓመት ልጇ በድርቁ ጊዜ ጠፍታባት፣ ፈልጋ ፈልጋ ስታጣት፣ ሞታለች ብላ ያለቀሰችው ለቅሶ ነው።

አፈር ላልብስሽ ብል፣ መቃብርሽ የታል፤
የናትሽ ልብ እንኳ፣ በዱር ይዋትታል።

ሲጨርስ እንደ ልማዱ፣ ባዶዎቹን ወንበሮች እያየ፣ «ጥያቄ ካለ?» አለ።

ሴትዮዋ እጇን አወጣች። «ማስታወቂያው ላይ የመንደሩንና የአልቃሿን ስም አይቼ ነው የመጣሁት። በሕይወት አለች?»

«የለችም። ድምፅዋን በቀዳሁ በዓመቱ ዐረፈች።»

ሴትዮዋ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ልጂቱ አልሞተችም፣ መምህር። ወደ ሰፈራ በሚሄድ መኪና ጭነዋት ነው። ጋምቤላ ነው ያደግሁት።»