የንባብ መነጽር

አዛውንቱ አዲሱን መነጽር እንዳደረጉ፣ መነጽር ሠሪዋ እንደ ልማዷ፣ «ጋሼ፣ በየቀኑ የሚያነቡትን ነገር ያውጡና ጮክ ብለው ያንብቡልኝ» አለቻቸው። ስልካቸውን አወጡ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና አንድ ዜና ሥር ስማቸውን ደብቀው የጻፉትን አስተያየት፣ ሽልማት እንደሚቀበል ሰው ቀጥ ብለው ያነቡት ጀመር።

«እነዚህ አይጦች ናቸው! ከነልጆቻቸው ከየጉድጓዳቸው እየጎተቱ ማጥፋት ነው!»

አይጦች ያሏቸው የእሷን ወገኖች ነበር፤ እሷ ከእነሱ መሆኗን ግን አላወቁም። የወገኖቿንም ስም ጠርተው፣ አንዲት ፊደል ሳይስቱ አነበቡት። «ዘጠኝ መቶ ላይክ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «አንቺም ግቢና ላይክ አድርጊልኝ እንጂ። ደግሞ እንዴት ያለ መነጽር ነው! እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ።»

መነጽሩን ከፊታቸው ላይ አነሳችና የጣታቸውን ወዝ በጨርቅ እየጠረገች አየቻቸው። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፤ ጥፍራቸው ተከርክሟል፤ ጎረቤት ሁሉ ጨዋ የሚላቸው ዓይነት ሰው ናቸው። ልትፈራቸው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ቀፈፏት እንጂ። መነጽሩን መልሳ አደረገችላቸውና ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አሁን ደግሞ እኔን ይዩኝ፣ ጋሼ። እታያለሁ?»

«ጥርት ብለሽ!»

«ጅራቴስ?»