ስሙን የቀየረው ዘይት

ሴትዮዋን ከጠየቃችኋት፣ የበደለቻት ምራቷ ናት... ሌላ ማንም አይደለም።

ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጎመን ዘር እየጨመቀች ዘይት ስትሸጥ ኖራለች። አንድ ልጇን ያሳደገችው በዚያው መጭመቂያ ነው።

ልጁ አገባ። ሚስቱስ ምን አደረገች?... ከመጭመቂያው ፊት ለፊት ሱቅ ከፈተች!

መደርደሪያዋ ላይ ቢጫ አበባ የተሳለበት ጠርሙስ ደረደረች። ካኖላ ይባላል።

አንድ ቀን ሴትዮዋ ልጇ ቤት ምሳ ተጋበዘች። ልጁ ጎረሰና...

«እማዬ፣ ይኼ ዘይት እኮ ሆድ ላይ አይከብድም» አለ።

የጠቀለለችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

የእሷው ሠላሳ ዓመት ከብዶት ነበር ማለት ነው?

ከዚያ ወዲያ ያቺን ጠርሙስ ስታይ ደሟ ይፈላል። «ሙሽሪት» ብላ ስም አወጣችላት። ደንበኛ ወደ ምራቷ በገባ ቁጥር በበሩ ስንጥቅ ታጮልቃለች...

አንድ ቀን ከአንድ ሾፌር ወሬ ለቀመች።

«ካኖላ የሚሉት ዱሮ የማሽን ማለስለሻ ነበር አሉ። ስሙን ቀይረውት ነው።»

እሰይ! ሰፈሩን አዳረሰችው።

«ንጹሕ ቢሆን ስሙን ምን አስቀየረው? ልብ ያቆማል አሉ!»

የምራቷ ሱቅ ጭር አለ። ምራቷ ግን ቃል አልተነፈሰችም። ይኼ ደግሞ የባሰ አንገበገባት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሲበዛ ሙሽሪትን ገዝታ መጭመቂያዋ ደጅ ላይ ቆመች። ሳህን ላይ አፈሰሰች... ጥጥ ነከረች... ክብሪት ጫረች።

ቦግ!

«ይኸውላችሁ! የመብራት ዘይት ነው የምታበላችሁ!»

ከተሰበሰበው ሰው መሃል አንዲት ነርስ ደንበኛዋ ፈገግ አለች። «እማማ፣ እስቲ የእርስዎንም ይለኩሱት።»

«የኔማ የምግብ ነው!» ብላ በእልህ ለኮሰችው።

ቦግ!... ያው ነበልባል፣ ያው ሽታ።

«እማማ፣ እስከ ዛሬ ፋኖስ ነው ያጎረሱን?» አለ አንዱ። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

«ማንኛውም የምግብ ዘይት በጥጥ ይነዳል» አለች ነርሷ። ጠርሙሱን ገልብጣ ደቃቋን ጽሑፍ አነበበች። «ከጎመን ዘር የተጨመቀ ይላል።»

ሴትዮዋ ክው አለች።

«የሰሙት ወሬ ስለ ዱሮው ዘር ነው» አለች ነርሷ። «እሱ ላይ ለልብ ያሠጋል የተባለ ነገር ይበዛ ነበር። ያ ነገር እጅግ ያነሰበትን ዘር አዳቅለው ሲያወጡ ነው ካኖላ ያሉት።»

ታዲያ የዱሮው ዘር ማን ዘንድ ነው ያለው?... እሷ ዘንድ! ልጇን ያበላችው... ሰፈሩን ያበላችው...

የበሩን መቃን ያዘች።

ይኼኔ ምራቷ ከሱቋ ወጣች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ...

«የእማማም ዘይት ከአዲሱ ዘር ነው!» አለች።

ከዚያ የአማቷን ክንድ ደግፋ በጆሮዋ...

«ካቻምና የጎመን ዘር ለሚያቀርብልዎ ገበሬ አዲሱን ዘር ፈልጌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከእኔ መሆኑን ቢያውቁ ይጨምቁት ነበር?»

አትጨምቀውም ነበር። ራሷን ታውቃለች።

«ስምሽን ሳጠፋውስ ለምን ዝም አልሽ?»

«አፌን ብከፍት ሰው ‹የዱሮውስ የማን ነበር?› ይላል። እኔ ስኳርም ሳሙናም እሸጣለሁ፤ እርስዎ ከመጭመቂያው ሌላ ምን አለዎት?»

ሴትዮዋ ክብሪቱን ለምራቷ ሰጠቻት።

ወገኖቼ፣ ቅናት ዓይን እያለ ያሳውራል። ያንዱን ቤት ላቃጥል ብላችሁ የጫራችሁት ክብሪት የማን ደጅ ላይ እንደሚበራ አታውቁም።

እናንተስ፣ ስታሙት ዝም ብሎ የሸፈናችሁ ሰው የለም? የለም አትበሉኝ... ጻፉት!

በማግስቱ ሴትዮዋ ምን አደረገች መሰላችሁ? ሱቁ ሳይከፈት ጠርሙሶቿን ታቅፋ ምራቷ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለቻት። «ከምን እንደተጨመቀ ጻፊልኝና ከሙሽሪት ጎን ደርድሪው።»

ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የበተነችውን ወሬ በየደጁ ልትለቅም ወጣች።