የኋላ ፍሬን

ቢሆነኝ መካኒክ ነበር። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን፣ ፍኖተ ሰላም ዳር ካለው ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ከወዳደቁ መኪኖች ዕቃ እየለቀመ የራሱን መኪና ሲገጣጥም ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቀረኝ የሚለው የኋላ ፍሬኑን ብቻ ነበር። በአንድ እጁ የዲስክ ፍሬን፣ በሌላው የታምቡር ፍሬን ይዞ የትኛውን ልግጠም እያለ ሲያመዛዝን ሚስቱ ሸጋዬ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ዲስኩ ቁልቁለት ላይ ቶሎ አይግልም» አላት። «ታምቡሩ ደግሞ የእጅ ፍሬን አለው።»

«የእጅ ፍሬኑ ምን ይሠራል?»

«ሰው ሳይረግጠው ተዳፋት ላይ አስሮ ያቆማታል።»

ሸጋዬ ከደጃቸው ወደ መንገዱ የሚወርደውን ተዳፋት አየችው።

«እንግዲያው ታምቡሩን ግጠም።»

«ለምን? ዲስኩ እኮ ይሻላል።»

«መጋቢት ላይ ጤና ጣቢያ ስትወስደኝ ደግፈህ የምታሳፍረኝ አንተው ነህ። ያን ጊዜ ፍሬኑን ማን ይረግጠዋል?»

ምን ሆነሽ ሊላት አፉን ከፈተ። እጇ ሆዷ ላይ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ሲኖሩ እንዲያ አርፎ አይቶት አያውቅም። ዲስኩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ መኪናዋን ዞሮ አያትና፣ «የኋላ ወንበር እኮ አልሠራሁላትም!» አለ።