አልዶና ዝም ያለችበት ቀን

አልዶና የትራክተሩን ሞተር ሳታጠፋ ከመሪው በላይ ተንጠራርታ ወደ ሰማይ አየች። ትንሿ አውሮፕላን ከጥዶቹ ጫፍ በላይ ዞራ ወደ ማኮብኮቢያው እየመጣች ነበር። ውስጧ ያለችው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጇ ኡርቴ ናት፤ ብቻዋን።

«ዛሬ ምን ነካዎት እትዬ አልዶና?» አለ የኡርቴ የበረራ አሰልጣኝ ኬስቱቲስ፣ ከትራክተሩ አጠገብ ቆሞ የእጅ ሬዲዮውን በጓንቱ እንደያዘ። «የወፍ ክንፍ ሲያዩ እንኳ ‹ተሰበረ› የሚሉ ሰው ነበሩ። እርስዎ ዝም ካሉማ ሰማዩም ሰላም ነው።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ትናንት ኡርቴ ለምናት ነበር። «በሞቴ እማ፣ ነገ አንዲት ክፉ ቃል ከአፍሽ አይውጣ። አንቺ ‹ወየው› ስትዪ የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል።» አልዶናም ማለችላት።

ጠዋት የበረራ ክበቡን ማኮብኮቢያ በትራክተሩ ስትጠርግ ግን፣ ትናንት ቀልጦ ሌሊት የረጋው በረዶ ዳርና ዳሩ ላይ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ጠበቃት። የመጥረጊያው ብረት እየነጠረ ተመለሰ። የሚጠረገው ስፋት ሃያ እርምጃ መሆን ነበረበት። ወርዳ ለካችው፤ አሥራ ሁለት ነው። ግራና ቀኙ ጉልበት የሚደርስ የበረዶ ግድግዳ ቆሟል። ልትናገር አፏን ስትከፍት ኡርቴ እየሮጠች መጣች።

«እንዴት ነው እማ፣ ተጠረገ?»

«ተጠርጓል» አለች አልዶና። ውሸት አልነበረም።

ኬስቱቲስም ሴትዮዋ እንደ ወትሮዋ አለማማረሯን አየና፣ ማኮብኮቢያውን ሄዶ ሳያይ ልጅቷን ሸኛት። ያኔ ነፋስ ስላልነበረ ኡርቴ መሃል መሃሉን ሄዳ ተነሳች።

አሁን ከላትቪያ ድንበር በኩል ነፋስ ተነስቷል። አውሮፕላን ማደሪያው ሃንጋር ጣሪያ ላይ የተሰቀለው የነፋስ ማሳያ ጨርቅ ተነፍቶ ወደ ጎን ተወጥሯል። አውሮፕላኗ እየተገፋች፣ እየተመለሰች፣ እንደገና እየተገፋች ወረደች።

«አይዞሽ የኔ ጎበዝ» አለ ኬስቱቲስ በሬዲዮው። «ነፋሱ ትንሽ ቢገፋሽም ቦታ አለሽ። ተረጋግተሽ አውርጃት።»

ቦታ የለም። አልዶና ይህን ታውቃለች። ሬዲዮው ከእሷ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። አሁን ብትጮህ የልጅቷ እጅ ይንቀጠቀጥ ይሆን? ይህን እያሰበች ሳለ ጎማዎቹ መሬት ነኩ።

የግራው ጎማ የበረዶውን ግድግዳ ዳሰስ አደረገው። ያን ያህል ብቻ ነው። አውሮፕላኗ በዚያው ጎማ ላይ ተሽከረከረች፤ ጅራቷ ተነሳ፤ አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር በረዶውን ሽቅብ በትኖ ተሰበረ። ከዚያ ሞተሩ ቆመ።

አልዶና እንዴት እዚያ እንደደረሰች አታውቅም። ኡርቴን ከቀበቶው ፈትተው ሲያወጧት ግንባሯ ይደማ ነበር፤ ግራ ክንዷም ከክርኗ በታች ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጥፏል። በረዶው ላይ ተቀምጣ በደህናው እጇ የእናቷን እጅ ያዘች።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «ያን ያህል ቦታ እያለኝ እንዴት ሳትኩ? ከእንግዲህ ማን እንድበር ይፈቅድልኛል?»

ኬስቱቲስ ወደ አንደኛው ግድግዳ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ፤ ከዚያ ወደ ማዶው መራመድ ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...»

«አይድከሙ» አለች አልዶና። «አሥራ ሁለት ነው። ጠዋት ለክቼዋለሁ።»

እሱ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። ኡርቴ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ከዚያ ጣቶቿ ከአልዶና መዳፍ ውስጥ አንድ በአንድ ወጡ።